ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደው አዲስ አበባ ስታዲየም ዋልያዎቹን ማስተናገድ ለምን አቃተው?

ኅዳር 2 ቀን 2014 ዋልያዎቹ ከጋና ጋር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበራቸው። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ። ጨዋታው የተደረገው ግን ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም። ጌታነህ ከበደ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን። ሰባት ወር ቆይቶ ደግሞ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን «በሜዳችን» አስተናገድን፤ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ፣ 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብፅን ሁለት ለባዶ! አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር አስቡት።

ያኔ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ነበር የሚጠይቀው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የሆነች፣ የአፍሪካ ዋንጫንም ሦስት ጊዜ ያዘጋጀች አገር እንዴት ለአንድ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ ታጣለች? «ስታዲየሙ አርጅቷል» ማለት ቀላል ነው፣ ውሸትም አይደለም፣ ግን ነገሩን አያስረዳም። የዓለም ትልልቅ ክለቦች ከመቶ ዓመት በላይ በሆናቸው ሜዳዎች ላይ እየተጫወቱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ስታዲየሙ ከመስቀል አደባባይ ወደ ለገሃር ሲኬድ ነው ያለው። ሰፈሩ ራሱ «ስታዲየም» ነው የሚባለው፤ የታክሲ ረዳቱም እንደዚያ ብሎ ነው የሚጠራው፣ የቀላል ባቡሩ ጣቢያም በዚሁ ስም ነው። በንጉሡ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ስታዲየም ተባለ። የድሮ ሰዎች ግን አሁንም ካምቦሎጆ ይሉታል። 35 ሺህ ሰው ይይዛል ይባላል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ውስጡ የራሱ ሰፈሮች አሉት። ጥላ ፎቅ አለ፣ ጣሪያ ያለው፣ የክብር እንግዶች የሚቀመጡበት። ካታንጋ አለ። ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ አሉ። ኳስ የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው የት ሆኖ እንዳየ ስትጠይቁት የሚመልስላችሁ በነዚህ ስሞች ነው። ብዙው መቀመጫ ደረጃ ደረጃ የሆነ ኮንክሪት ነበር፣ ለፀሐይም ለዝናብም የተጋለጠ፤ ሰው ካርቶን ወይም ጋዜጣ አንጥፎ ይቀመጥበታል። በሜዳውና በተመልካቹ መሀል የመሮጫው መም ያልፋል፤ ቦታው ለኳስ ብቻ የተሠራ አይደለምና። በ2000 የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደውም እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጥር 1954 እንሂድ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ጠቅላላ ጨዋታውም አራት ነው፣ ሁሉም በዚያው በአንድ ሜዳ። ይህችን ነገርም ያዙልኝ።

ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር ተገናኙ። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ቡድን ናት፣ በመጀመሪያው ፍጻሜ ካርቱም ላይ እኛኑ 4 ለ 0 ነው ያሸነፈችን። በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ አገባብን። እስከ 74ኛው ደቂቃ እየተመራን ቆየንና አቻ ሆንን፤ ሕዝቡ ጮሆ ሳይጨርስ ያው ባደዊ በ75ኛው ደቂቃ ደገመን። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ካፒቴኑ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገን። ተጨማሪ ሰዓት። በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ ዘጋው። 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ በእጃቸው ሰጡት።

የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ ካፍ ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው የተቀመጡ፣ በኋላም ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የካፍ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። ስማቸውን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ያኔ የአፍሪካ እግር ኳስ ሕግና ሥርዓት በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ እኛ ነበርን። በኋላ ሜዳ የከለከለን ድርጅት ያደገው በእኛም ሰዎች እጅ ነው፣ ይህ ለእኔ የታሪኩ ከባዱ ክፍል ነው።

በ1960 ዋንጫው ተመለሰ። ቡድኖቹ ስምንት ሆነዋል፣ አንድ ከተማ ስላልበቃ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ አስመራ ተደረገ። ኢትዮጵያ የምድቧን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈች፣ ከዚያ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈች። ኮንጎም ጋናን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በ1968 ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋጀ፣ በደርግ ጊዜ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ። ያን ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጫወቱና ነጥብ ነው የለየው። ሞሮኮ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር ጊኒ ላይ አቻ አግብታ በነጥብ ሻምፒዮን ሆነች። እኛ ከምድባችን አላለፍንም።

ከዚያ በኋላ ስታዲየሙ የአፍሪካ ዋንጫ አላየም። ትልቅ ቀን ግን አላጣም። ታኅሣሥ 1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸነፍን፤ ይድነቃቸው ካረፉ ጥቂት ወራት በኋላ መሆኑ ነው። የዚያን ቀን የጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤ ስርጭት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

በእኔ ትውልድ ያለ ሰው የሚያስታውሰው ደግሞ 2005ን ነው። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነው የሚያሳልፈን። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ገባ። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰይድ ደገመ፣ በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ብልጫ አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ! በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ተገናኘን፣ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ ስንመራ ቆይተን ኢማኒኬ ሁለት አገባብን። ሁለተኛው በ90ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት ነበር። ስታዲየሙ እንደዚያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሜዳው ተፈቅዶለት ነው። ናይጄሪያን ካስተናገድን ስምንት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው አገሪቱ አንድም የሚፈቀድ ሜዳ ያጣችው። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

አንደኛ ውድድሩ ራሱ ተለወጠ። በ1954 አራት ቡድን በአንድ ሜዳ ነበር። አሁን 24 ቡድን ነው። ኮትዲቯር ስታዘጋጅ በአምስት ከተሞች ስድስት ስታዲየም አሰናድታለች። ሞሮኮ ዘጠኝ። «ሦስት ጊዜ ያዘጋጀን» ስንል እውነት ነው፣ ግን ያኔ አዘጋጅ መሆን የሚጠይቀውና ዛሬ የሚጠይቀው አይገናኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ድሮ ስታዲየም ማለት ሜዳና መቀመጫ ነበር። ዛሬ ካፍ ገምጋሚ ሲልክ ሰውዬው ብዙ ሰዓቱን የሚያጠፋው ሣሩ ላይ አይደለም። ክፍል ለክፍል ነው የሚዞረው። የሁለቱ ቡድኖች መልበሻ ክፍል እኩል ነው ወይ? ስንት ሻወር፣ ስንት ሽንት ቤት አለው? ለዳኞች ለብቻ አለ? የዶፒንግ (የአበረታች ቅመም) ምርመራ ክፍል የት ነው? የሕክምና ክፍሉስ? ጋዜጠኞች የሚሠሩበትና መግለጫ የሚሰጥበት ቦታ አለ? ፓውዛው ማታ ለሚተላለፍ የቴሌቪዥን ስርጭት ይበቃል? መብራት ቢጠፋ ጄነሬተሩ ይተካል? ተመልካች በየትኛው በር ይገባል፣ አደጋ ቢነሳ በስንት ደቂቃ ይወጣል፣ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ?

ይሄ ዝባዝንኬ ለሚመስለው ሰው አክራን ላስታውሰው። ግንቦት 1993 አክራ ስታዲየም ውስጥ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ረብሻ ተነሳ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሲጎርፍ በሮቹ ተቆልፈው አገኛቸው። 126 ሰው ሞተ። ጥር 2014 ካሜሩን፣ ያውንዴ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ በመግቢያ በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰው ሞቷል። የበርና የመቀመጫ ሕግ የጠበቀው በእንዲህ ዓይነት ሞት ነው። ስለዚህ «ካፍ ጠመደን» ከሚሉት ጋር አልስማማም። እኔ ራሴ 2005 ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በቆመበት ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ ያኔ ደስታው ሁሉንም አስረስቶኛል፣ ዛሬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ቢፈነዳ በየት ልወጣ እንደነበር አላውቅም።

አሁን ወደ 35 ሺህ እንመለስ። ይህ ቁጥር የተገኘው ሰው በኮንክሪት ደረጃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሲቀመጥ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው መደገፊያና ቁጥር ያለው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ወንበር ነው። ወንበር ሲገጠም ቦታ ይበላል፣ መተላለፊያ ሲተውለት ደግሞ ይብስ ይቀንሳል። የድሮው ስታዲየም ደንቡን ባሟላ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው። ሲያንስ ደግሞ ለትልቅ ጨዋታ አይበቃም ይባላል።

እንዲያ ከሆነ ለምን አይሰፋም? ወዴት? በአንድ በኩል መስቀል አደባባይ፣ ዙሪያውን መንገድ፣ ከ2008 ጀምሮ የባቡሩ ሐዲድ። በመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ቦታም ለዓመታት ሱቅና መጠጥ ቤት ሆኖ ነው የኖረው፤ ማለያ፣ ኳስ፣ ታኬታ ጫማ የሚገዛ ሰው ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ለዶፒንግ፣ ለሕክምና፣ ለጋዜጠኛ የሚፈለጉት ክፍሎች በሌላው አገር የሚገኙት እዚያው መቀመጫው ሥር ነው። ያኔ ሲሠራ ስለነዚህ ክፍሎች ያሰበ አልነበረም፣ ማንም አገር አላሰበም፣ በኋላ ግን ማሰብ ይገባን ነበር።

ሜዳው ላይ የደረሰው ድካምም አለ። የአዲስ አበባ ክለቦች ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ መከላከያ፣ ኤሌክትሪክ፣ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ደደቢት ሁሉም ለዓመታት ሲጫወቱ የኖሩት እዚሁ አንድ ሜዳ ላይ ነው። በ9 ሰዓት አንድ ጨዋታ፣ ተከትሎ በ11 ሰዓት ሌላ ጨዋታ፣ በነጋታው ደግሞ እንደዚያው። ሣር ለማገገም ዕረፍት ይፈልጋል። ዝናብ ሲጨመርበት፣ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ደካማ ሲሆን፣ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል። ጊዮርጊስ በ2009 ከኢትዮጵያ ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገብቶ እነ ማሜሎዲ ሰንዳውንስንና ኤስፔራንስን ያስተናገደው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። ታሪክ ሲሠራም እረፍት አላገኘም።

«ሌሎቹ ከተሞችስ?» ትሉኝ ይሆናል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለፉት 15 ዓመታት ገደማ በየክልሉ ስታዲየም ተሠርቷል። የባሕር ዳሩ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት ወደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄዶ ተጫውቷል፤ በ2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ በ2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፍነው ባሕር ዳር ላይ ነው። ነገር ግን እነዚህ ስታዲየሞች አብዛኞቹ ሳይጠናቀቁ ነው ሥራ የጀመሩት። መጀመሪያ ኮንክሪቱ ይቆማል፣ ስንት ሺህ ሰው እንደሚይዝ ይነገራል፣ ይመረቃል ወይም ጨዋታ ይገባበታል፤ ወንበሩ፣ ጣሪያው፣ ፓውዛው፣ ክፍሎቹ ለሚቀጥለው በጀት ይቆያሉ። የሚቀጥለው በጀት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ከተማ ሌላ ስታዲየም ይጀመራል። አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው ብንሄድ ኖሮ ጥቅምት 2014 ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጨዋታ በኋላ ባሕር ዳር ሲታገድ ቢያንስ አንድ የምንሄድበት ሜዳ ይኖረን ነበር። በእኔ አመለካከት ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፣ ከአሮጌው ስታዲየም እርጅና ይልቅ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከእያንዳንዱ የማጣሪያ ዙር በፊት ካፍ የተፈቀዱ ሜዳዎችን ይለያል። በአገሩ ውስጥ የተፈቀደ ሜዳ የሌለው ፌዴሬሽን ውጭ አገር ሜዳ ይለምናል፣ ይከራያል። ባለሜዳው አሁንም እሱ ነው፣ ስለዚህ የስታዲየሙም፣ የዳኞችና የኮሚሽነሩ መስተንግዶም ወጪ በእሱ ላይ ነው፤ ከትኬት የሚያገኘው ግን የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ የሚመጡ ቡድኖች ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እሱም ቀረ። ደጋፊውም ቀረ። አንድ የ20 ዓመት ተጫዋች ለአገሩ እየተሰለፈ በአገሩ ሕዝብ ፊት ሳይጫወት ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ፤ ይህን በገንዘብ መተመን አይቻልም።

አገር ውስጥም ነገሩ ተለውጧል። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት መጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ጀመሩ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ በሌላ ከተማ ግማሹ ባዶ በሆነ ስታዲየም ሲደረግ ማየት ለአዲስ አበባ ልጅ ከባድ ነው።

አዲሱ አደይ አበባ ስታዲየም ቦሌ ላይ በ2008 ተጀምሯል፣ ሥራውን የጀመረው ተቋራጭ የቻይናው ስቴት ኮንስትራክሽን ነበር፣ ሲያልቅ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። በሁለት ምዕራፍ ነው የተከፈለው፦ መጀመሪያ ኮንክሪቱ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ወንበሩ፣ መብራቱና የውስጥ ሥራው። ከላይ ያልኩትን ካስታወሳችሁ ካፍ የሚያየው አብዛኛው ነገር ሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው። መንግሥት ጥቅምት 2017 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ የ2029ን (በፈረንጆቹ) አፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደሚፈልግ አሳውቋል። መልካም ነው። ግን ስድስት የተጠናቀቀ ስታዲየም ይፈልጋል፣ ስድስት የተጀመረ አይደለም።

አሮጌውስ? እድሳት ተደርጎለታል፤ ሣሩ ተቀይሯል፣ መልበሻ ክፍሎቹ ታድሰዋል። እኔ የአፍሪካ ዋንጫ ይመለስበት አልልም፣ ቦታው አይፈቅድም። የከተማው ሜዳ ሆኖ ይቀጥል ነው የምለው፦ የሴቶች ሊግ፣ የወጣቶች ውድድር፣ የትምህርት ቤቶች ጨዋታ፣ ከተቻለም ወደ 20 ሺህ ዝቅ ብሎ ወንበር የተገጠመለት የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ። መሬቱ መሀል ከተማ ስለሆነ አንድ ቀን ዓይን የሚጥልበት አይጠፋም። ያ ቀን ሲመጣ የ1954ቱ ፍጻሜ የተደረገው በየትኛው ሜዳ እንደሆነ የሚናገር ቢያንስ አንድ ሰሌዳ በሩ ላይ ተሰቅሎ እንዲያገኘው እፈልጋለሁ፤ የአሥራ አንዱም ተጫዋቾች ስም ያለበት።